የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻንና አሮጌ መኪናን ማገናኘት
ከፑኝዶ ገበያ ልምድ በመነሣት ለአስመጪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ማስታወሻ

በንግድ ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ሸቀጥ ለነጋዴው የሚያስገኘው ትርፍ ወይም የሚያስከትልበት ኪሳራ በዕቃው ትልቅነትና በዋጋው ውድነት ብቻ አይለካም። ከአውራ ጣት የማትበልጥ ዕቃ ለገዢው ተስማምታ የተገኘች እንደ ሆነ ባለሱቁን ታስመሰግናለች፤ ሌላም ደንበኛ ትጠራለታለች። ሳትስማማ የቀረች እንደ ሆነ ግን ከዋጋዋ የበለጠ ድካምና ሐሜት ታተርፍለታለች። ስልክን ወይም ሌላ በኪስ የሚያዝ የሙዚቃ ማጫወቻን ከአሮጌ መኪና ራዲዮና ቴፕ ጋር የሚያገናኙት ዕቃዎች ከዚሁ ወገን ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ዕቃዎች ምን ምን እንደ ሆኑ፣ እንዴት እንደሚሠሩ፣ የትኛው ለየትኛው መኪና እንደሚስማማ፣ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ከመግዛቱና ከመሸጡ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚገባው በአጭሩ ማስረዳት ነው።

የፑኝዶ ገበያ

ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋ ዞን፣ በጎግ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጋምቤላ ከተማ ተነሥቶ በአቦቦ በኩል ወደ ደቡብ በመጓዝ ይደረስባታል፤ ርቀቱም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጋምቤላ ራሷ ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በፑኝዶ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1993 የተከፈተው፣ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት መጠለያ ስለሚገኝ፣ ገበያዋ ከከተማዋ ስፋት ጋር ሲተያይ ብዙ ሰው የሚያስተናግድ ነው። ወደዚያ የሚመላለሱት መኪናዎችም በአብዛኛው ጠጠሩንና ጭቃውን የለመዱ ላንድክሩዘሮችና ሃይሉክሶች፣ የጭነት አይሱዙዎችና ሚኒባሶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ዕድሜያቸው የገፋ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ የአዲስ አበባ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ድምፅ አይደርስም። ተሳፋሪው ደግሞ ቋንቋው ልዩ ልዩ ነው፤ አኝዋው የአኝዋን ዘፈን፣ ኑዌሩ የኑዌርን፣ ከደጋ የመጣው ነጋዴ የአማርኛውን ወይም የኦሮምኛውን፣ ከወሰን ማዶ የመጣው የጁባውን ዐረብኛ ይሻል። ይህን ሁሉ የሚያቀርብለት የራዲዮ ጣቢያ በሌለበት ስፍራ፣ ዘፈኑን ይዞ የሚዞረው የነጂው ስልክና በውስጡ ያለችው የጥፍር ያህል ሚሞሪ ናት። በስልክ ውስጥ ያለው ዘፈን በናፍጣ ሞተር ድምፅ ላይ በርትቶ ይሰማ ዘንድ ግን ከመኪናው ድምፅ ማጉያ ጋር መገናኘት አለበት። በፑኝዶ ገበያ የዚህ ዕቃ ጠያቂ የማይጠፋው ስለዚህ ነው።

ይህ ጸሐፊ ጋምቤላ ከተማ በሚገኝ የንግድ ቤት ውስጥ የሽያጭና የመልስ ዕቃ መዝገብ ይይዛል። ከመዝገቡ መረዳት እንደሚቻለው፣ የዚህ ዓይነት ዕቃ ተመልሶ የሚመጣው ተሰብሮ ወይም ተበላሽቶ ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ለመኪናው የማይስማማ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ከፑኝዶ የሚመለስ ዕቃ ለነጂ በአደራ ይሰጣል፤ በክረምት ደግሞ መንገዱ በጭቃ ሲያዝ ቀናት ይቆያል፤ ደርሶም ከአዲስ አበባ አከፋፋይ ዘንድ እስኪለወጥ ድረስ የባለሱቁ ገንዘብ ታስሮ ይቀመጣል። በዚህ መካከል ለስልክ፣ ለማጓጓዣና ለምልልስ የሚወጣው ወጪ የዕቃውን ትርፍ በልቶ ያልፋል።

ነገሩ ለጋምቤላ ነጋዴ አዲስ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ፣ ከሱዳን በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የማይሸጥ ዕቃ ያዘዘ ነጋዴ ወንዙ ሲጎድል ዕቃውን ታቅፎ የሚመጣውን ክረምት ይጠብቅ ነበር። ዛሬ መርከቡን መኪና ተክቶታል፤ በሩቅ ገበያ ላይ የትእዛዝ ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ግን ዛሬም ከፍ ያለ ነው።

አሮጌው መኪና ለምን ይቆያል

አንዳንድ ነጋዴ “ዛሬ የሚሠራ መኪና ሁሉ ብሉቱዝ አለው፤ ይህ ንግድ ነገ የሚያልፍ ነው” ይል ይሆናል። ለአገራችን ገበያ ግን ይህ አስተያየት ገና አልደረሰበትም። በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ሕግ ያገለገሉ መኪናዎችን ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አድርጎታል። ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታውቋል። ውሳኔዎቹ በሌላ በኩል ያላቸው ጥቅም የተጠበቀ ሆኖ፣ የአሮጌው መኪና ባለቤት ግን መኪናውን አድሶ ማቆየትን ይመርጣል። ሞተሩን የሚያሳድስ ሰው ደግሞ ስለ ራዲዮውም ያስባል። ስለዚህም ባለ ካሴቱና ባለ ሲዲው መኪና ገና ብዙ ዓመት በመንገዳችን ላይ ይታያል።

ከሸክላ እስከ ስልክ

ለምን አሮጌው ራዲዮና አዲሱ ስልክ በቀላሉ እንደማይግባቡ ለመረዳት የዕቃዎቹን የዘመን ቅደም ተከተል ማስታወስ ይበጃል። የሆላንዱ ፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። በአገራችንም ካሴት ሸክላን ከተካ በኋላ፣ የታክሲው፣ የአውቶቡሱና የጭነት መኪናው ጌጥ ቴፕ ሆኖ ኖረ፤ እስከ ዛሬም ድረስ ሲዲ ብቻ የሚያጫውተውን ጭምር “ቴፕ” ብሎ የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። የጃፓኑ ሶኒ ዎክማንን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያወጣ ሙዚቃ በኪስ መያዝ ጀመረ። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ቀረበ፤ የአፕል ኩባንያ አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፤ ከዚያም ስልክ ሁሉንም ጠቅልሎ ያዘ።

በኪስ የሚያዘው ዕቃ በየጥቂት ዓመቱ ሲለዋወጥ፣ መኪና ግን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለግላል። ስለዚህ በአንድ መኪና ውስጥ የሁለት ትውልድ ዕቃዎች ይገናኛሉ፤ አንዱ የሚያውቀው ካሴትና የራዲዮ ሞገድ ብቻ ነው፤ ሌላው የሚናገረው በገመድና በብሉቱዝ ነው። በመካከላቸው የሚቆመው አስተርጓሚ ነው እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ሸቀጥ። አስተርጓሚውም አራት ዓይነት ነው።

1ኛ. ካሴት መሳዩ አገናኝ

ይህ ዕቃ በመልኩና በመጠኑ ካሴትን ይመስላል፤ በውስጡ ግን የሚዞር ክር የለውም። ከጎኑ ቀጭን ገመድ ይወጣና ከስልኩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይሰካል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የመኪናው ቴፕ በካሴት ክር ላይ ያለውን የማግኔት ኃይል የሚያነብበት፣ በጋራዥ ቋንቋ ሄድ የሚባል አካል አለው። ካሴት መሳዩም በትክክል በዚያ ፊት ለፊት የሚቀመጥ የራሱ ሄድ አለው። ከስልኩ የሚመጣው የድምፅ ኤሌክትሪክ በዚህ ሄድ ውስጥ ሲያልፍ ማግኔት ይፈጥራል፤ ቴፑም ያንን እውነተኛ ክር መስሎት ያነብበዋል። ሌሎቹ ጥርሶች የሚዞሩት ቴፑ “ካሴቱ አልዞረም” ብሎ እንዳይቆም ለማድረግ ብቻ ነው።

የዚህ ዕቃ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ የጣቢያ ድምፅ አይረብሸውም፤ የባትሪው ቮልት አይመለከተውም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ጉድለቱ ግን ቴፑ ራሱ ደኅና ካልሆነ አለመሥራቱ ነው። በአቧራ አገር የቴፕ የጎማ ቀበቶ ይላላል ወይም ይበጠሳል፤ ሄዱም ይቆሽሻል። ስለዚህ ባለሱቁ አንድ ደኅና አሮጌ ካሴት በሱቁ ያስቀምጥ፤ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያንን ካሴት በመኪናው ይሞክረው። ካሴቱ በደንብ ከተሰማ አገናኙም ይሠራል፤ ካሴቱን ቴፑ እየተፋ የሚመልሰው ከሆነ ግን አገናኙን መሸጥ ዕቃውን ለመልስ መላክ ነው። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ሄዱን በጥጥና በአልኮል በስሱ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

አንዳንድ ቴፖች ካሴቱ ሲያልቅ በራሳቸው ፊቱን የሚገለብጡ ናቸው። በዚህ ዓይነቱ ቴፕ ላይ ጥርሶቹ በሚገባ የማይዞሩ ርካሽ አገናኝ ሲገባ፣ ቴፑ ካሴቱ ያለቀ እየመሰለው በየጊዜው ይገለብጠዋል፤ ድምፁም ብቅ ጥልቅ ይላል። አስመጪው በሁለቱም በኩል የሚሠራውን ዓይነት ማዘዝ ይገባዋል።

2ኛ. ቀጥታ ገመድ

ከሁሉ የጠራ ድምፅ የሚሰጠው በተለምዶ ኦክስ የሚባለው ገመድ ነው። ይህ የሚሆነው ግን በራዲዮው ፊት ወይም በዳሽቦርዱ ላይ 3.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ ሲገኝ ነው። አንዳንድ ራዲዮዎች ቀዳዳው በጀርባቸው ስላለ፣ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ራዲዮውን ስቦ ሳያይ “የለውም” ብሎ መደምደም አይገባም።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አያሌ የስልክ ፋብሪካዎች ክቡን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እየተዉት መጥተዋል። ስለዚህ ለእነዚህ ስልኮች ከቻርጀሩ ቀዳዳ ወደ ክቡ ቀዳዳ የሚያሻግር ትንሽ አገናኝ ያስፈልጋል። ይህ አገናኝ በመልክ አንድ ሆኖ በሥራ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው በውስጡ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ የራሱ ክፍል አለው፤ ሁለተኛው ባዶ ሽቦ ነው። ባዶ ሽቦው ድምፁን ራሳቸው ለውጠው በሚያወጡ ስልኮች ላይ ብቻ ይሠራል፤ በሌሎቹ ላይ ዝም ይላል። በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ የመጀመሪያውን ዓይነት ቢመርጥ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም መልስ ይቀንስለታል።

3ኛ. ትንሹ የኤፍ ኤም ማሠራጫ

በፑኝዶ መንገድ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ቴፕ ቢሰበርም፣ የገመድ ቀዳዳ ባይኖርም፣ ራዲዮው ኤፍ ኤም ከያዘ ይበቃልና። ዕቃው በሲጋራ ማቀጣጠያው፣ ሕዝቡ ላይተር በሚለው ቀዳዳ ይሰካል፤ ዘፈኑን ከስልክ በብሉቱዝ ወይም ከፍላሽና ከሚሞሪ ይቀበላል፤ ከዚያም እንደ አንዲት ኢምንት ራዲዮ ጣቢያ ሆኖ ጥቂት ሜትር ብቻ የሚደርስ ሞገድ ይልካል። የመኪናው ራዲዮ በዚያው ቁጥር ላይ ሲደረግ ዘፈኑ ይሰማል።

ባዶ ቁጥር ማግኘት የዚህ ዕቃ ዋና ምሥጢር ነው። በአዲስ አበባ 97.1፣ 98.1፣ 102.1 እና ሌሎችም ቁጥሮች በታወቁ ጣቢያዎች የተያዙ ስለ ሆኑ፣ ደካማው ማሠራጫ በእነርሱ ላይ ሲደረግ ይዋጣል፤ ባዶ ቁጥር ቢገኝ እንኳ ጎረቤቱ ያለው ብርቱ ጣቢያ ሊረብሸው ይችላል። ወደ ፑኝዶ ሲወርዱ ግን ሞገዱ ከአዲስ አበባው ይልቅ ነፃ ነው፤ ዕቃውም ከዋና ከተማው ይልቅ በዚያ የተሻለ ይሠራል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ ወይም በነቀምት በኩል የሚወርድ ነጂ፣ በአንድ ከተማ ባዶ የነበረው ቁጥር በሌላው ተይዞ ሊያገኘው ስለሚችል ቁጥሩን እንዲለውጥ ሊነገረው ይገባል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ነው። ለጃፓን የቤት ገበያ የተሠሩ አሮጌ መኪናዎች ራዲዮ የሚቀበለው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነው። በእኛ አገርና በአብዛኛው ዓለም ግን ኤፍ ኤም ከ87.5 እስከ 108 ይደርሳል። በጃፓን መሪያቸው በቀኝ የነበሩ፣ ኋላም ወደ ግራ ተለውጦላቸው የመጡ ትንንሽ መኪናዎች ይህ ችግር አለባቸው። የእንዲህ ያለው መኪና ባለቤት ማሠራጫውን ገዝቶ በ100 ወይም በ105 ላይ ቢያደርገው ምንም አይሰማም፤ ዕቃውን ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። ነገር ግን በ88 ወይም በ89 አካባቢ ላይ ቢያደርገው ይሠራለታል። አንድ ቃል የተናገረ ባለሱቅ አንድ መልስ ያስቀራል ማለት ይህ ነው። የአገሩን ጣቢያዎችም ለማዳመጥ የሚሻ ባለመኪና፣ በአንቴናው ገመድና በራዲዮው መካከል የሚገባ የሞገድ ማውረጃ ሊሸጥለት ይቻላል።

4ኛ. ራዲዮውን መለወጥ

አራተኛው መንገድ አሮጌውን አውጥቶ ፍላሽና ብሉቱዝ ያለው አዲስ ራዲዮ ማስገባት ነው። የተለመደው የነጠላ ራዲዮ ፊት 180 በ50 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ድርቡ 180 በ100 ነው፤ በአንዳንድ የቶዮታ መኪናዎች ላይ ግን ቦታው ሰፋ ብሎ ወደ 200 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ፣ ክፍተቱን የሚሸፍን ክፈፍ ያስፈልጋል። ባለሱቁ ራዲዮውን ብቻ ሳይሆን ክፈፉንና ለመኪናው ዓይነት የተሠራውን የገመድ ሶኬት አብሮ ቢያስቀምጥ፣ ኤሌክትሪሺያኑ የመኪናውን ሶኬት ቆርጦ እንዳይጥል ይረዳል።

በተለመደው የራዲዮ ገመድ ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኝ፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚያገኝ፣ ጥቁሩ ከመኪናው አካል የሚታሰር ነው። ቢጫውና ቀዩ ሲለዋወጡ ራዲዮው ቁልፉ በጠፋ ቁጥር የያዘውን ሁሉ ይረሳል፤ ሁለቱም ቀጥታ ከባትሪ ሲታሰሩ ደግሞ ራዲዮውን ማጥፋት የረሳ ነጂ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ያገኘዋል። በፑኝዶ መንገድ መካከል የሞተ ባትሪ ምን ማለት እንደ ሆነ ለነጂዎች መንገር አያስፈልግም።

12 ወይስ 24 ቮልት?

የመልስ ዕቃ ትልቁ ምክንያት ይህ ስለ ሆነ ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ሃይሉክስ በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ላንድክሩዘርም በአብዛኛው እንዲሁ ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዩት የአይሱዙ የጭነት መኪናዎችና ከእነርሱ የሚበልጡት ከባድ መኪናዎች ግን በ24 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። ለ12 ብቻ የተሠራ ማሠራጫ ወይም ራዲዮ በ24 ላይ ሲሰካ፣ ፊውዙ ካላዳነው በቀር ወዲያው ይቃጠላል። እንዲህ የተቃጠለ ዕቃ ደግሞ ከፋብሪካ አይለወጥም፤ ኪሳራው ወይ በባለሱቁ ወይ በገዢው ላይ ይወድቃል።

“ሁለት ባትሪ ያለው 24 ነው” የሚለው ልማድም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሁለት ባትሪ ኖሯቸው ጎን ለጎን በመታሰራቸው በ12 የሚሠሩ ባለናፍጣ መኪናዎች አሉና። የሚሻለው በመለኪያ መለካት ነው፤ መለኪያውም በማንኛውም የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ይገኛል። ለማሠራጫ ጉዳይ መፍትሔው ቀላል ነው፤ በላዩ “12–24” ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ማዘዝ ነው። ለ24 ቮልት መኪና የ12 ቮልት ራዲዮ የሚፈልግ ሰው ግን ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር አብሮ መግዛት አለበት። ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ ቀላል ቢመስልም፣ አንዱን ባትሪ ከሌላው ቀድሞ ስለሚያደክመው አይመከርም።

ስለ ጩኸትና ስለ ሙቀት

ስልኩ በገመድ ተገናኝቶ ሳለ በዚያው መኪና ቻርጅ ሲደረግ፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚል የሲር ድምፅ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ዕቃው አልተበላሸም፤ ኤሌክትሪኩ በሁለት መንገድ ወደ መኪናው አካል ስለሚመለስ የዲናሞው ድምፅ ከሙዚቃው ጋር ይደባለቃል። ቻርጀሩ ሲነቀል ድምፁ ከጠፋ ምክንያቱ ይኸው ነው። በገመዱ መካከል የሚገባ ትንሽ ድምፅ ለይ ዕቃ አለ፤ እርሱ ችግሩን ያስወግዳል። የስልኩ ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ደግሞ ዘፈኑ ስለሚሰነጠቅ፣ ስልኩን ወደ ሦስት አራተኛው አድርጎ የቀረውን በራዲዮው ማስተካከል ይሻላል።

በጋምቤላ ቆላ በበጋው መጨረሻ ሙቀቱ እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ያለው ሙቀት ደግሞ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ባትሪ በውስጣቸው ያለ ማጫወቻዎችና ስልኮች በዚያ ቦታ ሲተዉ ባትሪያቸው ያብጣል፤ ዕድሜያቸውም ያጥራል። ከላይተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኝና የራሱ ባትሪ የሌለው ማሠራጫ ለቆላ የተሻለ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለሱቁ የሚጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ገዢው ሱቅ በገባ ጊዜ ዕቃውን ከመደርደሪያ ከማውረድ በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ከብዙ ውዝግብ ያድናል።

አንደኛ፣ መኪናው ምን ዓይነት ነው፤ ባትሪውስ 12 ነው ወይስ 24? ሁለተኛ፣ ራዲዮው የካሴት አፍ፣ ክብ ቀዳዳ ወይም የፍላሽ ቀዳዳ አለው ወይ? ሦስተኛ፣ የኤፍ ኤሙ ቁጥር እስከ 108 ይደርሳል ወይስ 90 ላይ ይቆማል? አራተኛ፣ ስልኩ ክብ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው ወይስ የቻርጀር ቀዳዳ ብቻ? አምስተኛ፣ የላይተሩ ቀዳዳ ኤሌክትሪክ ያገኛል ወይ? በአሮጌ መኪና የላይተሩ ፊውዝ ተቃጥሎ ዓመታት የሚያልፍበት ጊዜ አለና።

እነዚህን ጥያቄዎች በአንዲት ትንሽ ወረቀት ጽፎ በሱቁ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አይከብድም። ገዢው መኪናውን በደጅ አቁሞ ከሆነ፣ ወጥቶ ማየት ከሁሉ ይሻላል። መልእክተኛ የላከ እንደ ሆነም የራዲዮውን ፊት በስልክ ፎቶግራፍ አንሥቶ እንዲልክ መጠየቅ ነው፤ ፎቶግራፉ ከብዙ ቃል ይልቅ ያስረዳል።

ለአስመጪዎች

አስመጪዎች በበኩላቸው ሊያስቡበት የሚገባው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚልክ ዕቃ ሁሉ፣ ማሠራጫውም ሆነ ብሉቱዙ፣ እንደ ተራ ገመድ የሚቆጠር አለመሆኑ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሞገድን አጠቃቀም ይቆጣጠራል፤ ስለዚህ ትልቅ ትእዛዝ ከመላኩ በፊት ስለ ዕቃው ዓይነት ፈቃድ ከመሥሪያ ቤቱ መጠየቅ ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ ከመያዝ ያድናል። በአውሮፓ ለዚህ ዓይነቱ ማሠራጫ የተፈቀደው ኃይል ከ50 ናኖ ዋት አይበልጥም፤ ለአንድ መኪና ውስጥ ይበቃል። “ብዙ ሜትር ይደርሳል” እየተባለ የሚወደስ ዕቃ ለጎረቤት ራዲዮ ችግር እንጂ ለገዢው ጥቅም አይደለም።

ሁለተኛው፣ የትእዛዙ ስብጥር ነው። ለአዲስ አበባ የተስማማው ዝርዝር ለጋምቤላ ላይስማማ ይችላል። ለከተማው ገመድና አዳዲስ ራዲዮ ይበዛለታል፤ ለሩቅ ገበያ ግን ባለ 12–24 ማሠራጫ፣ በሁለቱም በኩል የሚሠራ ካሴት መሳይ፣ ፊውዝና ድምፅ ለይ ዕቃ ይበልጥ ይፈለጋል። የአጠቃቀሙ መግለጫም ብዙውን ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ብቻ ስለሚመጣ፣ አከፋፋዩ በአማርኛ፣ ቢቻልም በአካባቢው ቋንቋ አጭር መግለጫ አሳትሞ በሳጥኑ ውስጥ ቢጨምር፣ ለወረቀቱ ያወጣው ገንዘብ በመልሱ መቀነስ ይመለስለታል።

ላኪዎችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። ቡናውንና ሰሊጡን የሚያጓጉዘው ነጂ ሌሊትና ቀን በመንገድ ላይ ነው። ዘፈን ያነቃዋል፤ ነገር ግን እየነዳ ስልክ የሚነካካ ነጂ ራሱንም ጭነቱንም ለአደጋ ያጋልጣል፤ የትራፊክ ደንባችንም እየነዱ ስልክ መያዝን ይከለክላል። ስለዚህ ዘፈኑ ከመነሣት በፊት ተዘርዝሮ የሚቀመጥበት ፍላሽ፣ በስልክ ከሚመራው ይልቅ ለረዥም መንገድ የተሻለ ነው። ጭነቱን ያስረከበው ነጋዴም ይህን ለነጂው ቢያሳስበው የራሱን ንብረት መጠበቁ ነው።

በጠቅላላው፣ ይህ ንግድ ብዙ ካፒታል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ዕቃውን ለይቶ ማወቅንና ገዢውን በትዕግሥት መጠየቅን ነው። የፑኝዶው ነጂ ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ዕቃ መኪናው ላይ ሲሰካ መሥራት አለበት፤ ካልሠራ እርሱ የሚያማው የሩቁን ፋብሪካ ሳይሆን ዕቃውን በእጁ የሰጠውን ባለሱቅ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ከተማ ብቅ የሚል ደንበኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ካዘነ በሚቀጥለው ሳምንት የሚገባው በጎረቤቱ ሱቅ ነው።

በየአውራጃው ያላችሁ ባለሱቆችና አከፋፋዮች በየመዝገባችሁ የመልስ ዕቃን ምክንያት ለይታችሁ ብትጽፉ፣ ቮልት ይሁን፣ ሞገድ ይሁን፣ የስልኩ ቀዳዳ ይሁን፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሚቀጥለው ትእዛዝ ምን መምሰል እንዳለበት መዝገቡ ራሱ ይነግራችኋል።